አበልጅ የሆንኩ ዕለት

ሰው ልቀርብ ብዬ እንዴት እንደራቅሁ ልንገራችሁ። ጋፋት አጠገብ፣ ከአረብ አገር ተመልሳ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት ሴት እወዳለሁ። አልነገርኳትም። ወንድ ልጇ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ በባጃጄ ቤተ ክርስቲያን ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ቄሱ ተዘጋጅተው ቆመዋል፤ ክርስትና አነሳለሁ ያለው ሰው ግን ቀረ፤ ስልኩም አይነሳም። እንባዋ ሲመጣ አላስቻለኝም። "እኔ አነሳዋለሁ" አልኩ።

አብራን የመጣችው፣ የልቤን የምታውቀው አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ምን ነካህ? አበልጅ ልትሆናት ነው?"

"ብሆናትስ? መዛመድ አይደል?"

"መዛመድማ ነው። አበልጅ ማለት እህትህ ናት። እህቱን የሚያገባ አይተሃል?"

ክርስትና ያነሳ ሰው የልጁን እናት እንደማያገባ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት። በዚያች ሰዓት ግን ጭራሽ ትዝ አላለኝም። በሩን አየሁ፤ እሷን አየሁ። ልመለስ ስል ቄሱ ከገላው ውሃ የሚንጠባጠበውን ሕፃን አስታቀፉኝ። እየተንቀጠቀጠ ጣቴን ጨበጠ።

ስንወጣ ፊቷ በርቶ "አበልጄ" ብላ ጠራችኝ። ከጥምቀቱ በኋላ ልነግራት ለወራት ያጠናሁት ነገር ምላሴ ላይ ነበር።

"አቤት፣ አበልጄ" አልኳት።