ቁርስ የተካተተበት ክፍል

ባለቤቴ ሰርካለም ካረፈች ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ቀኗ ነው።

እንደምን ዋሉ፣ እትዬ አቻምየለሽ? ግቢው አምሮበታል። ዝናቡ ለአበቦቹ ተስማምቷቸዋል። አይ፣ አልቀመጥም… እሺ፣ ትንሽ ልቀመጥ። ልጅቱ ደህና ናት፣ እናቴ ጋ ናት። መራመድ ጀምራለች።

የመጣሁት ለነገው አርባ ነው። ከአዴት ለሚመጡት ሁለት ክፍል ይያዙልኝ። ስልክም ይበቃ ነበር። እርስዎ «ይዤልሃለሁ» ካሉ ይዘዋል። ኋላ ቀር አሠራር ነው አሉ ይሄ… በቃል የተያዘ ክፍል ዋስትና የለውም አሉ።

የቀብሩ ዕለት ቁጥር ሦስትን ያስቀመጡለትን ሰው ያስታውሱታል? መንገደኛ እየመለሱ እስከ ማታ የጠበቁትን? ስልክዎን ልስጥህ ብዬው ነበር፣ ከድንኳኑ በእግር ሁለት ደቂቃ ነው ብዬ። አላስቸግራችሁ አለኝ። ምን ያለ አሳቢ ነው… በኢንተርኔት ይዞ ጨርሷል። ድረ ገጹ ላይ ሆቴሉ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ነው። መሬት ላይ ቡሬ ነው። ታዲያ ይሄ የሱ ጥፋት ነው?

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ቀድመን የምንገኘው እኛ አይደለን? በድንኳናችን ፊት አለፈ። አይቶታል፤ ከመኪናው ሆኖ ደውሎልኛል። ሻንጣዬን አስቀምጬ ልመለስ አለ። ልክ ነው። ሻንጣ ይዞ እህቱን የሚቀብር ማን አለ?

ቡሬ ሲደርስ ስሙ ከሆቴሉ መዝገብ ጠፋ። ሌላው ቢሆን ትቶት ይመለሳል። እሱ ግን የጀመረውን አይተውም። ድረ ገጹ ማረጋገጫ እስኪልክለት እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀመጠ። ከሄድኩ ቀረ ብለው ይሰርዙኛል አለኝ። እኔም ጠብቁልኝ አልኩ። አባ ናሁሰናይ ፍትሐቱን ሁለት ጊዜ አዘገዩልኝ። የቃሬዛውን የፊት እጀታ ለሱ ትቼለት ነበር… ጎረቤታችን ዳኘው ያዘው። ዳኘው ኢንተርኔት የለውም፤ ምን ሥራ አለበት?

ማረጋገጫው አመሻሽ ላይ መጣለት። እሱ እኛ ጋ የደረሰው በማግስቱ አራት ሰዓት ነው። ክፍሉ ቁርስ ይጨምር ነበር። የቀረበን መተው ደግሞ ነውር ነው።

አላዘነም እያልኩ አይደለም። ሐዘኑን ችሎ የሚይዝ ሰው ነው… እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው!

ነገም ይመጣል። ክፍል ይዣለሁ ብሏል፤ የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ቁጥር ሦስትን ለመንገደኛ ይስጡት።

ያን ቀን መጨረሻ ላይ ያደረገውን ሰምተዋል? ድረ ገጹ እንግዳን አስተያየት ይጠይቃል አሉ። ወንድሜ አንዷለም በስልኩ አሳየኝ። ቀኑ የቀብሯ ቀን ነው፣ ሰዓቱም ተጽፏል። አምስት ኮከብ ሰጥቷል። «ጸጥ ያለ ቦታ። የሚረብሽ ሰው የለም።»

መልካም ሰው ነው፣ እትዬ። አሜን ይበሉልኝ… ዕድሜና ጤና ይስጠው። የሱም ቀን ሲደርስ እግዚአብሔር እንደ ራሱ ያለ ወንድም አያሳጣው።