አሮጌ መልክ ስለተሰጠው ክሊፕ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አልአዛር ተረፈ
ዕድሜ፦ 20
አድራሻ፦ ቴፒ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ
ሥራ፦ ሞባይል ጥገናና ዘፈን መጫን
የትምህርት ደረጃ፦ ከ9ኛ ክፍል ያቋረጠ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ከተጠርጣሪው ከአቶ ኃይለጊዮርጊስ ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። የልጅ ልጃቸው ብሩክ ግን ጓደኛዬ ነው። ብሩክ ድራም ይመታል፣ ሕዝቅያስ የተባለው ጓደኛችን ጊታር እየተጫወተ ይዘፍናል፤ ባንዳቸው ዝገት ይባላል፣ የሚጫወቱትም ሮክ ነው። መርማሪው ሮክ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ጎረቤት ቆርቆሮ ሲያስቀይር እንደሚሰማው ዓይነት ሆኖ ግጥም ያለው ነው ብዬ መልሻለሁ። ቀልዱን ተው ስላሉኝም ትቻለሁ። ክሊፕ የምቀርጽላቸውና የማቀናብርላቸው እኔ ነኝ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሕዝቅያስ ለአዲሱ ዘፈን ድሮ የተቀረጸ የሚመስል ክሊፕ እንሥራ አለ። የውጭ አገር ትንንሽ የሮክ ባንዶች እንዲህ እንደሚያደርጉ በስልኩ አሳየን። ምስሉ ጠባብ አራት ማዕዘን ነው፣ ቢጫ ነው፣ ይጫጫራል፣ ይንቀጠቀጣል። ሁልጊዜ ሪዙ ወፍራም የሆነ አንድ ክፉ ሰው አለ፤ መጥቶ ሰው ይወስዳል። ሕዝቅያስ የእኛ አገር የድሮ ክፉ ካድሬ ነው ስላለ፣ ብሩክ የአያቱን ካኪ ኮትና መነጽር ከሣጥን አውጥቶ ለበሰ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ በዚያ ዘመን በመንግሥት ቡና እርሻ ጸሐፊ ነበሩ፤ ኮቱ የሥራ ልብሳቸው ነው። ሪዙን እኔ ከፍየል ጠጉር ሠራሁለት። ቁርጥ አያቱን ሆነ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ራሳቸው አይተውት፣ "እኔ እንኳ እንዲህ አላስፈራም ነበር" ብለው ስቀዋል።

የቀረጽነው በሸኮ መንገድ ዳር ባለ የቡና ተክል ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ነው። ምስሉ እንዲደበዝዝ ስልኬ ካሜራ ላይ የሴት ስቶኪንግ ወጥሬ ቀረጽኩ፤ ጭረቱንና ቢጫውን በኋላ በአፕ ጨመርኩ። ብሩክ የሕዝቅያስን እጅ የኋሊት አስሮ ወደ ቡናው ይነዳዋል፤ ከዚያ ብቻውን ወጥቶ መነጽሩን ይጠርጋል።

ክሊፑ ሲወጣ የገዛ ዘመዶቻችን እንኳ አላዩልንም። በዚህ ተናድጄ፣ ደግሞም ልስቅ ብዬ፣ ጥቅምት 12 ቀን ያቺን ቦታ ቆርጬ፣ ዘፈኑን አጥፍቼ፣ "በ1970 ዓ.ም. ቴፒ የተቀረጸ፤ ይህን ሰው የምታውቁት አላችሁ?" የሚል ጽፌ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ብሩክና ሕዝቅያስ አላወቁም። ከተማው በሙሉ አየው። ብዙ ሰው አቶ ኃይለጊዮርጊስ ናቸው ብሎ ጻፈ። ታዲያ ያን ጊዜ ካሜራውን ማን ይዞ ነበር ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

በማግስቱ ወ/ሮ ማናልሞሽ ከሸኮ መጥተው አቶ ኃይለጊዮርጊስ በር ላይ ተቀመጡ። ወንድማቸው ፍቅሩ በ1970 ዓ.ም. ከእርሻው ተወስዶ በዚያው የቀረ ነው። እጁን የታሰረው ልጅ አረማመዱ የፍቅሩ ነው አሉ። "ልከስዎት አልመጣሁም። የት እንዳለ ብቻ ያሳዩኝ" ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ብሩክ ኮቱን ለብሶ ሪዙን ለጥፎ አሳያቸው። እኔም ሙሉውን ክሊፕ ከነዘፈኑ ከፈትኩላቸው። እስከ መጨረሻው አይተው፣ "ዘፈኑን እናንተ ናችሁ በኋላ የጨመራችሁበት። በሰው ሞት ላይ ትዘፍናላችሁ?" አሉን። ከዚያ በኋላም መመላለሳቸውን አልተዉም።

ኅዳር 13 ቀን አቶ ኃይለጊዮርጊስ ከዘራቸውን ይዘው ወጡና ወ/ሮ ማናልሞሽን ክሊፑን ወደቀረጽንበት ቡና ወስደው አንድ ዋንዛ ሥር "እዚህ ነው" አሏቸው። እኔና ብሩክ ተከትለን ነበር። ብሩክ "አባባ፣ ምን እያልክ ነው?" ሲላቸው ዝም በል አሉት። ሴትዮዋ ጫማቸውን አውልቀው መሬቱን በእጃቸው ዳሰሱት። ስንመለስ ለምን እንደዋሹ ብጠይቃቸው፣ "አንተ ጀመርከው፣ እኔ ጨረስኩላት። ስንት ዓመት በር በር ስታይ የኖረች ሴት ናት" አሉኝ።

በማግስቱ የሴትዮዋ ዘመዶች አመልክተው አቶ ኃይለጊዮርጊስ ተያዙ። እዚህ ጣቢያም ፍቅሩን ገድያለሁ ብለው ቃል እንደሰጡ መርማሪው ነግረውኛል። ሐሰት ነው። ቦታውን የለዩት ከክሊፑ ነው፤ ዋንዛው እዚያ ላይ ይታያል። ሕዝቅያስ "ከተገደለ" በኋላ ተጋድሞ ዳቦ የበላው እዚያ ዋንዛ ሥር ነው። ቢቆፈር የሚወጣ ነገር ያለ አይመስለኝም። ሳይቆረጥ የተቀረጸው በሙሉ፣ እኛ ስንስቅም ጭምር፣ ስልኬ ውስጥ ስላለ ስልኩን አስረክቤያለሁ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ እንዲፈቱ እጠይቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ስመጣ ወ/ሮ ማናልሞሽ ጥቁር ለብሰው ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ልመሰክር ነው አልኳቸው። ራሴን ይዘው መረቁኝ። "አንተ ባትለጥፈው ኖሮ ወንድሜን አላገኘውም ነበር፣ ልጄ" አሉኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ እንደተናገርኩት ተጽፏል፣ ሁሉም እውነት ነው። ስጨርስ በሌላ በር እንድወጣ ጠይቄ፣ ጣቢያው ያለው በር አንድ ብቻ መሆኑ ተነግሮኛል።

የምስክሩ ፊርማ፦ አልአዛር ተረፈ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ይርዳው ወርቅአፈራሁ (ፊርማ)