ከደጃፍ እስከ ደጃፍ

እሑድ ከምሳ በኋላ እኅቴን ሸኝቼ ከአውቶቡስ ተራ ስወጣ ጎረቤቴ ጋሼ አንቀጽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የመንግሥት ጠበቃ ናቸው። ነገሩን ሁሉ በአንቀጽ ስለሚያስረዱ ባልደረቦቻቸው ያወጡላቸው ስም ሰፈር ድረስ ተከትሏቸው መጥቷል። አጠገባቸው አንዲት ወጣት ጠበቃ የመዝገብ ቦርሳ ታቅፋ ተቀምጣለች። በማግስቱ ሩቅ ከተማ ችሎት አላቸው፤ አውቶቡሱ ግን ዘግይቷል።

"እንኳን አገኘሁህ" አሉኝ። "ረቡዕ እትዬህን እንደ ልማድህ ሐኪም ቤት ታደርስልኛለህ።"

ባለቤታቸው እትዬ ግማሽ ሰውነታቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ መራመድን እንደ አዲስ እየተማሩ ነው። የማስተምረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። በዚያ ረቡዕ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ድጋፍ ሊሞክሩ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አይወስዷቸውም?" አለች ወጣቷ። "ማክሰኞ እንመለሳለን። ለእሑዱ ጉዞ የማካካሻ እረፍት ይገባዎታል፤ መመሪያው ይፈቅዳል።"

"መፍቀዱን አውቃለሁ። አውቶቡስ ወንበር ላይ ተቀምጬ በመስኮት ዛፍ ሳይ ውዬ፣ እረፍት ስጡኝ ልበል? በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ነበር።"

"ዛፍ እንዲያዩ ነው የተላኩት?"

"አይደለም።"

"ባይላኩ አሁን የት ነበሩ?"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ቤት። እግሯን እያሸሁላት።"

ልጅቷ ትክክል መሆኗን ብታውቅም ታላቋን መርታት አላማራትም፤ ስትቀጥልም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

"ባለፈው ሳያርፉ ከአውቶቡስ እንደወረዱ ችሎት ገብተው ተከሳሹን 'ክቡር ፍርድ ቤት' ብለው ጠሩት።"

"ተከሳሹ አልተቀየመም እኮ።"

"ዳኛዋ ግን ተቀይመዋል።"

ሦስታችንም ሳቅን። ጋሼ ቀድመው ኮስተር አሉ። "ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ሳርፍ ሥራው አያርፍም። መዝገቤን አንቺ ላይ ልጣለው?"

"ይጣሉት። እኔም ተራዬ ሲደርስ እርስዎ ላይ እጥለዋለሁ። እርስዎ ካልወሰዱ እኛ ታናናሾችዎ በምን አፋችን እንጠይቃለን? ጡት የሚጠባ ልጅ ቤት ትታ የምትጓዝ አለች፤ እርስዎን እያየች አፍራ ነው የምትቀረው።"

ይህን አላሰቡትም ነበር፤ ከፊታቸው አነበብኩት። ቢሆንም "ለራስ መከራከር ነውር ነው" አሉ።

"መልእክተኛችን አውቶቡስ ተገልብጦ እግሩ ሲሰበር፣ መሥሪያ ቤቱ 'ገና መንገድ ላይ ነበር፣ ሥራ አልጀመረም' አለ። የሕግ አስተያየቱን ማን ጻፈ?"

"እኔ።"

"ምን ብለው?"

ጋሼ ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው ቀና አሉ። "መሥሪያ ቤቱ የላከው ሰው ከደጃፉ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ደጃፉ እስኪመለስ ድረስ ሥራ ላይ ነው።"

"ታዲያ ሕጉ ለእሱ ሌላ፣ ለእርስዎ ሌላ ነው? ለራስዎ መከራከር ካሳፈረዎት ለእትዬ ይከራከሩ።"

አውቶቡሱ መጣ። ጋሼ ከወጣቷ ጋር ተሳፈሩ። ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ ብቅ ብለው "ረቡዕ ጠዋት መኪናህን ይዘህ ና" አሉኝ። "ሁለታችንንም ታደርሰናለህ።"

ረቡዕ ከረቫታቸውን አስረው ጠበቁኝ፤ ልማድ አይለቅም። ሐኪም ቤት እትዬ በሁለት የብረት መደገፊያዎች መካከል ቆሙ፤ ጋሼ ከወዲያኛው ጫፍ። እትዬ እጃቸውን ከብረቱ አላቀቁ፤ ጋሼ ሊይዟቸው ተንደረደሩ።

"አትያዘኝ" አሏቸው። "ከዚያ አትሂድብኝ እንጂ።"

"ዛሬ የትም አልሄድም" አሉ ጋሼ፣ ወደ ቦታቸው ተመልሰው። እትዬ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ እሳቸው ጋ ደረሱ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ እረፍታቸውን ሳያስቀሩ ይወስዳሉ፤ ታናናሾቹም ሳይሸማቀቁ ይጠይቃሉ። የተወሰደ እሑድ በሥራ ቀን እንደሚመለስ ስለታወቀ፣ አለቆቹ ሰው በእሑድ ከመላካቸው በፊት ደጋግመው ያስባሉ፤ በሥራ ቀን ሊሆን የሚችለው ጉዞም በሥራ ቀን ሆኗል። ባለጉዳዩም ያተረፈው አለ፤ የሚቆምለት ጠበቃ ያረፈ ነው። ተከሳሽን "ክቡር ፍርድ ቤት" ያለ እስካሁን አልተሰማም።

እትዬም አሁን ጋሼ ለሥራ ሲጓዙ እስከ ደጃፍ ይሸኟቸዋል፤ በእግራቸው።