የአቶ አሳምነው ሰርፀ ዜና ሕይወት፣ ከሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቢላዎቻቸው ጋር

ክቡራን ካህናት፣ የተከበራችሁ ቤተ ዘመድና ወዳጆች፣ እንባችሁን ለጊዜው ያዝ አድርጉልኝ፤ የማነበው የአቶ አሳምነው ሰርፀ ነገር ነውና ሳይስቁበት የሚታለፍ አይደለም።

አቶ አሳምነው ከአባታቸው ከአቶ ሰርፀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅታይት በ1949 ዓ.ም. በበጌምድር፣ ጋይንት ተወለዱ። እትብታቸውን ራሳቸው ቆርጠው፣ ምላጩን ጠርገው ለአዋላጇ መለሱላት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልነበርኩም፣ አዋላጇ ግን እስክትሞት ድረስ አልካደችም። ለትምህርት ሲደርሱም እስከ አራተኛ ክፍል የዘለቁ ሲሆን፣ የጓደኞቼን እርሳስ ካልቀረጽኩ እያሉ፣ መቅረጽ ከጀመሩም ማቆም እያቃታቸው፣ በአውራጃው ወረቀት የሚነካ እርሳስ በመጥፋቱ፣ መምህሩ “ልጄ፣ አንተ ሂድና እንጨት ጥረብ፤ እነዚህ ደግሞ ይጻፉበት” ብለው በምርቃት ሸኟቸው።

ከዚያም በዘመኑ ግርግር ወደ ሱዳን ተሰደው፣ ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ከርመው፣ በ1976 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ላስ ቬጋስ ገቡ። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ከሙቀቱ የተነሣ ጥላቸው እንኳ “አልወርድም” ብሎ ወንበር ሥር ተደብቆ ነበር ይባላል።

የመጀመሪያ ጎረቤታቸው ሚስተር ክላይድ፣ በወጣትነታቸው አጋዘን ሲያድኑ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። እኚህ ሰው አንድ ቀን ባለ ቢጫ እጀታ፣ ሦስት ስለት ያለው፣ አሜሪካ ሠራሽ ሰንጢ “እንካ፣ ያንተ ነው” ብለው ቢዘረጉላቸው፣ ቢላ ከእጅ ወደ እጅ ከተቀባበሉት ጠብ ያመጣል ተብለው ያደጉት አቶ አሳምነው እጃቸውን ወደ ኋላ ደብቀው ጠረጴዛውን በአገጫቸው አመለከቱ። ሽማግሌው ግራ እየተጋቡ ሲያስቀምጡት ግን ብድግ አድርገው ሳሙት። ሚስተር ክላይድ እስኪያርፉ ድረስ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይጣሉ የኖሩት በዚያች ጠረጴዛ ነው ብለው አቶ አሳምነው ያምኑ ነበር።

ያቺ ሰንጢ ብቻዋን እንዳትሆን ሲሉ፣ የኪስ ሰንጢውን፣ የአደን ቢላውን፣ ኬዝ፣ ባክ፣ ሬሚንግተን የሚሏቸውን የአሜሪካ ፋብሪካ ቢላዎች፣ ከየቢላ ትርኢቱና ከየሰው ጋራዥ ሽያጭ እየለቀሙ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት አደረሱ። ኬዝ የተባለውን ብረቱ ላይ ከስሙ ሥር የተመቱትን ነጥቦች ቆጥረው የተሠራበትን ዓመት ይናገሩ ነበር፤ እኛ ስደተኞቹ የልደት ቀናችን ጠፍቶ ሁላችን ወረቀታችን ላይ ጃንዋሪ አንድ ስንወለድ፣ የእርሳቸው ቢላ ግን ዕድሜው ያለ ጥርጥር ይታወቅ ነበር። ቆዳ አፎት ውስጥ የሚያድር ብረት ይዝጋል ብለው ሁሉንም ከአፎት አውጥተው፣ ዘይት ቀብተው፣ ከፋይ በለበሰ መሳቢያ ያስተኟቸዋል። አንዱም ግን አንዲት ነገር ቆርጦ አያውቅም።

በሥራ ረገድ በካዚኖ ቡፌ ሥጋ ቆራጭ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉ ሲሆን፣ ሲያሳሱት ከሥጋው ጀርባ ጋዜጣ ይነበብ ነበር። ቀን ሺፍታቸውን፣ ማታ ኦቨርታይማቸውን በካዚኖው ቢላ ሲቆርጡ ውለው፣ ቤት ሲገቡ ብርቱካን በጥፍራቸው ይልጡ ነበር።

ወይዘሮ ገንዘቤን በሕግ አግብተው እዚሁ ቬጋስ ኢንተርፕራይዝ ሰፈር ቤት መሥርተው ብሩህንና ሳሮንን አፈሩ። በአንድ ወቅት ወይዘሮ ገንዘቤ ያቺን የሚስተር ክላይድን ሰንጢ አንሥተው ሽንኩርት ሊከትፉ ሲሉ አቶ አሳምነው ደርሰውባቸው፣ ሦስት ቀን አኩርፈው ጋራዥ በማደራቸው ለሽምግልና ተቀመጥን። ወይዘሮ ገንዘቤም “ሁለት መቶ ቢላ ባለበት ቤት ሽንኩርት በጥርሴ ልቁረጥ?” ብለው ቢጠይቁ፣ አቶ አሳምነው “እነሱ እኮ እንግዶች ናቸው፤ እንግዳ አይታዘዝም” ብለው መለሱ። ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ ለወይዘሮ ገንዘቤ ፈረድን፤ ሰንጢዋ ግን ተመልሳ መሳቢያዋ ተኛች።

ነገሩ የተፈታው ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሳሮን ሰርግ፣ ጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን ላይ ነው። ብልቱ ተሰቅሏል፣ ሻኛው ተጋድሟል፣ ሦስት መቶ እንግዳ ምራቁን ይውጣል፤ የቁርጥ ቢላ የሚያመጡት አቶ ግዛው ግን ካርቶኑን ሴንቴኒያል ሂልስ፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ጋራዣቸው ረስተውት መጥተዋል። የአዳራሹ ቢላ የቅቤ መቀቢያ ነበርና ሥጋውን ደባበሰው እንጂ አልቆረጠውም። በዚህ መካከል የሙሽራዋ አባት ጠፉ። ወይዘሮ ገንዘቤ “አለቀ! ቢላዎቹን ሊደብቅ ሄደ!” ብለው ደረታቸውን መቱ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ በሩ ተከፈተና አቶ አሳምነው መሳቢያዎቹን እንዳሉ ተሸክመው ገቡ። ልጃቸው ብሩህ ሮጦ “አባዬ፣ ሚንት ናቸው እኮ፣ ያልተነኩ! አንዴ ከቆረጡ ቫልዩአቸው ይወርዳል!” ሲላቸው፣ “ልጄ፣ እንግዳዬ ጥሬ ሥጋ በጥርሱ ሲጎትት ቫልዩዬ የሚወርደው የኔ ነው” ብለው ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። “ማንም ለማንም እንዳያቀብል፤ ሁሉም ከጠረጴዛ ያንሣ!” ካሉም በኋላ የሚስተር ክላይድን ሰንጢ ከፍተው፣ ከሻኛው ቆርጠው የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለወይዘሮ ገንዘቤ አጎረሱ። ያን ዕለት የተበላው ሥጋ ታሪኩ ቢጻፍ በሬው ራሱ ይኮራ ነበር።

በማግስቱ ሰንጢዋ ወጥ ቤት ገባች፤ ሽንኩርትም የሚከተፈው በእርሷ ሆነ። በቢላ ትርኢት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ጭረቱን አይቶ “ምን አገኛቸው?” ብሎ በሐዘን ቢጠይቃቸው፣ አቶ አሳምነው ደረታቸውን ነፍተው “ሰርግ” አሉት።

በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ሲገቡም ጥበቃው የኪስ ሰንጢያቸውን እንዲሰጡት እጁን ቢዘረጋ፣ “ጠረጴዛው ላይ” ብለው አስቀመጡለት። በመጨረሻም ቤተሰቡን ጠርተው “ቢላዎቼን ሣጥን እንዳታስገቡብኝ፤ ሣጥን የምገባው እኔ ብቻ ነኝ። በአርባዬ ዘርጉልኝ፤ የበላ ሁሉ የበላበትን ይዞ ይሂድ” ብለው ተናዝዘው፣ በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በሰላም አረፉ።

ስለዚህ አርባቸው በፍስክ ቀን ስለሚውል ቁርጥ አለ፤ ቢላም አለ። አቶ ግዛው ምንም እንዲያመጡ አልታዘዙም። የደረሳችሁን ከቆረጣችሁበት በኋላ ዘይት ቀቡት፣ በአፎት አታሳድሩት፣ ሥራ ፈትም አታድርጉት።

አቶ አሳምነው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገንዘቤን፣ ልጆቻቸውን ብሩህንና ሳሮንን፣ የልጅ ልጃቸውን ሐሌሉያን፣ እንዲሁም ወጥ ቤት ሥራ ከያዘችው ሰንጢ በቀር የሚያርዱትን በሬ እየፈለጉ ያሉ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ቢላዎችን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የቀሩትን ያጽናልን። የገነትን በር የሚጠብቀው ኪሩብም የነበልባል ሰይፉን ዝቅ አድርጎ ያሳልፋቸው፤ እርሳቸውም “ይህ በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ?” እያሉ በሩ ላይ ሰልፍ አያስቁሙብን። አሜን።