ካንስል ለማድረግ ብደውል

እዚህ አሜሪካ፣ ሊልበርን የቤቴን ጋዝ ከምከፍለው ላይ ካሽ ባክ ወደሚመልስ አዲስ ካምፓኒ ለመቀየር ወሰንኩ። የድሮውን ካንስል ላደርግ ብደውል አንዲት ሴት አነሳች። ወደ የትኛው እንደምቀይር ነገርኳትና ስሜን እንደሰማች ወደ አማርኛ ዞረች።

"ወንድሜ፣ ምን በድለንህ ነው ጥለኸን የምትሄደው?"

ካምፓኒው የአባቷ ይመስል ይሉኝታ ያዘኝ። "በቃ ተይው፣ አልሄድም" አልኳት።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ኧረ ሞኝ አትሁን። ሰው ሲለቅ ጠይቁ ስለተባልን ነው እንጂ እኔም የቤቴን ወደዚያው ቀይሬያለሁ" አለችኝ።

"ይሄ ኮል ሪከርድ ይደረግ የለም እንዴ?"

"በአማርኛ ማን ይሰማዋል? እዚያ ስትመዘገብ ብቻ እኔ እንዳመጣሁህ የሚያሳየውን ሪፈራል ኮዴን አስገባ፣ ለሁለታችንም ካሽ ባክ አለው።"

ኮዱን ጽፌ ስጨርስ ወደ እንግሊዝኛዋ ተመለሰችና፣ ሌላ የምንረዳዎት ነገር ይኖር ይሆን ብላ በትህትና ጠየቀችኝ።