ትንፋሽ እምቢ ያለኝ ቅዳሜ

ክቡር ሊቀመንበር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የወርቅ ጉድጓድና የኳስ ሜዳ ጓደኞቼ፤ ስለ እራቱም ስለ ቢራውም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቆሜ መናገር ካቃተኝ ተቀምጬ እጨርሳለሁ፤ አትሳቁብኝ።

አሰልጣኛችን ሚስተር ፖልግሌዝ፣ የከተማችንን የቤንዲጎን የእግር ኳስ ማሊያ መጀመሪያ ሲሰጡኝ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? «ይሄን ቀጫጫ ነፋስ ይወስደዋል!» እውነትም ወሰደኝ። በሰው ትከሻ ላይ ተንጠላጥዬ ኳስ ስቀልብ የኖርኩት በነፋሱ አይደል እንዴ?

ሳምንቱን ሙሉ ከመሬት በታች ወርቅ ፍለጋ ድንጋይ እንበሳለን፤ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ሰማይ እዘላለሁ። ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ? አቧራው ሳንባዬ ውስጥ ሲከማች ማን ልብ አለ? ባለቤቴ ታምሲን ብቻ።

«ክሌም፣ ሳልህ የአባትህን መሰለ» ትለኛለች።

«ጉንፋን ነው ባክሽ!»

አባቴን የቀበርነው ገና ጎልማሳ ሳለ ነው።

የመጨረሻውን ጨዋታ አይታችኋል። በሦስት ነጥብ እየተመራን፣ ሊያልቅ ሲል ዘልዬ ኳሷን ከአየር ላይ በእጄ ያዝኳት። በእኛ በአውስትራሊያ ጨዋታ እንዲህ የያዘ ሰው፣ ማንም ሳይነካው ቆሞ ይመታል፤ በምሰሶዎቹ መሃል ብትገባ ስድስት ነጥብ ነው፣ ድሉ የእኛ ነው። መሬት ስረግጥ ግን ትንፋሽ እምቢ አለኝ።

«ምታ እንጂ!» ይላል ዳኛው።

ፊት ለፊቴ የቆመው የተጋጣሚያችን አምበል ሴፕቲመስ ኪን ነበር፤ ስንት ዓመት በክርን የተጎሻሸምን ሰዎች። አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለው ዳኛው።

«ማሰሪያዬ ተፈቶ ነው፣ ጌታዬ።»

ቀና ሳይል፣ በዝግታ እያሰረ፣ «አይዞህ ክሌም፣ ቀስ በል። የጉድጓዱ አቧራ ወንድሜንም እንዲህ ነበር ያደረገው» አለኝ።

መታሁ። ወደ ጎን ወጣች። ተሸነፍን። እስካሁን «ምን ነክቶህ ሳትካት?» የምትሉኝ አላችሁ። የነካኝ ይሄ ነው።

ሐኪሙ ጉድጓዱንም ሜዳውንም ከልክሎኛል። ሰኞ ከታምሲን ጋር ባሕሩ አጠገብ፣ እህቷ ዘንድ እንሄዳለን። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረኝ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።

እናንተ ነገ የምትወርዱ፣ ሁላችሁም በሰላም ውጡ። አለቆቹን፣ አቧራው እንዳይቦን ድንጋዩ ከመበሳቱ በፊት ውሃ ይረጭልን በሏቸው፤ ቢቆጧችሁም አትፍሩ። ቤታችሁ ይሙቅ፣ የክረምቱ ጨዋታችሁ የድል ይሁን። ልጆቻችሁንም እግዚአብሔር የሸመገለ አባት ያሳያቸው።