ከሰልፉ ኋላ አርባ ዓመት፦ የሙሴ ጉልቬን ኬርቬላ ዜና ሕይወት

ክቡራን ወገኖች፤ ዝናቡ ሳይበግራችሁ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ፣ ጣሪያውን ሟቹ ራሳቸው ባለበሱት በዚህ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ ዛሬ የምንሸኛቸው የሙሴ ጉልቬን ኬርቬላ የሕይወት ታሪክ ይህ ነው።

ሙሴ ጉልቬን ከአባታቸው ከሙሴ ፋንሽ ኬርቬላና ከእናታቸው ከማዳም ሶዪግ ለጎፍ፣ በፈረንሳይ አገር በብረታኝ ምድር በዚሁ በላንቬዘክ መንደር፣ ከኮትዱ ጫካ ጥግ ባለው የድንጋይ ቤት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም በቄሶቹ ትምህርት ቤት ገብተው ንባብና ሒሳብ ተማሩ፤ ይሁን እንጂ መምህራቸው «የእርስዎ ልጅ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ አያርፍም፤ ሲያይ የሚውለው ጣሪያውን ነው» ብለው ለአባታቸው አቤቱታ ቢያቀርቡ፣ አባትየው «እንግዲያው ጣሪያው ላይ ይውጣልን» ብለው ገና በአሥራ አራት ዓመታቸው ለጣሪያ ሠሪ አስረከቧቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስሱን ጥቁር ድንጋይ እየሰነጠቁ፣ በዙሪያችን ያሉትን የጥንት መንደሮች ቤቶችና ጸሎት ቤቶች ሲያለብሱ ኖሩ።

ወደ ሥራ የሚመላለሱትም፣ እሑድ የሚዝናኑትም በብስክሌት ነበር። በ1972 ዓ.ም. ማዳም አዜኖርን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ክሌርቪንና ኮራንታንን ወለዱ፤ ማዳም አዜኖርም «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባሌ ነው፣ እሑድ ግን የብስክሌቱ ባል ነው» እያሉ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲያሙዋቸው ኖረዋል። የላንቬዘክ ብስክሌተኞች ማኅበር ሲቆምም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዚህ ደጅ ተነሥተው፣ በለስላሳ ኮረብቶችና በዛፍ ጥላ በተሸፈኑት ጠባብ መንገዶች ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ፣ የራሳቸውን ጣሪያዎች ከታች ሆነው ቀና ብለው እያዩ፣ በመጨረሻ ጫካውን አቋርጠው ይመለሱ ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው ማኦዴዝ አባቴ ነበር። አንቱ ለማለት ሳልደርስ ስለ ሞተብኝ ዛሬም አንተ እያልኩ ነው የማስበው፤ ይቅር በሉኝ። ማኦዴዝ በሰልፉ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነበር፤ ጉልበት አጥቶ ሳይሆን መቸኮል ስለማይሆንለት ነው። የማኅበሩ ባልደረባ ሥጋ ሻጩ ሙሴ ቱዱዋል «አንተ፣ ዳገት ላይ እኮ ላሞቼ ይቀድሙሃል!» ሲሉት፣ «ይለፉ፤ ካንተ የሚሸሹ እነሱ ናቸው፣ እኔ ምን አስሮጠኝ?» ብሎ ሰውን ሁሉ ያስቅ ነበር ይባላል።

ማኅበሩ ከጥንት ይዞት የመጣ አንድ ደንብ አለው። በኮትዱ ጫካ ውስጥ ባለው በመስቀሉ ዳገት መንገዱ ጠባብ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራትም የሚያንሸራትት ስለ ሆነ፣ አንድ በአንድ ተሰልፈው ይወጣሉ እንጂ ማንም ወደ ኋላ ዞሮ አያይም፤ ዞሮ ያየ ይወድቃልና። ስለዚህ የመጨረሻው ሰው አናቱ ላይ ሲደርስ «ሙሉ ነን!» ብሎ ይጣራል፤ ከፊቱ ያለው ለፊተኛው፣ እሱም ለሚቀጥለው እያሳለፈ፣ ቃሉ ከመሪው ሲደርስ ሁሉም ቁልቁለቱን ይለቁታል። ከኋላ ሰው እንዳልቀረ የሚታወቀው በድምፅ ብቻ ነው።

ከቅዱሳን በዓል ቀጥሎ በዋለው እሑድ፣ በ1984 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ጉም እጅን እንኳ በማያሳይበት ጠዋት፣ ከፊት ሙሴ ቱዱዋል፣ ቀጥለው ሙሴ ጉልቬን፣ ከሁሉም ኋላ ማኦዴዝ ሆነው ወደዚያ ዳገት አመሩ። አናቱ ላይ ሙሴ ጉልቬን ከኋላቸው «ሙሉ ነን» የሚለውን ቃል፣ ወንድማቸው እንደ ልማዱ እንደሚያዛጋ ሰው ጎትቶ ሲናገረው ሰሙ፤ ሰምተውም ለሙሴ ቱዱዋል አሳለፉ፤ ሰልፉም ወረደ። መንደር ደርሰው ቡና ቤት ሲገቡ ግን ለማኦዴዝ የተቀዳው የፖም ጠጅ ጠጪ አጣ። ተመልሰው ቢፈልጉት ከዳገቱ ግርጌ፣ ከድንጋዩ መስቀል አጠገብ ባለው መታጠፊያ፣ ቅጠል አንሸራትቶት ከግንድ ጋር ተላትሞ አገኙት። ሐኪሙም በወደቀበት ቅጽበት እንደ ሞተ፣ ዳገቱንም እንዳልጀመረው ተናገረ። ከታች ሆኖ ጠርቶ ነው እንዳይባል፣ በዚያ ጫካ ድምፅ ከግርጌ እስከ አናት አይዘልቅም።

በዚያ ቀን ቡና ቤት ውስጥ ፖሊሱ አንድ በአንድ ሲጠይቅ ሙሴ ጉልቬን «ወንድሜ ጠርቷል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ። ሙሴ ቱዱዋል በበኩላቸው «እኔ የጉልቬንን ድምፅ እንጂ ሌላ አልሰማሁም» ብለው መሰከሩ። ከሰካራሞቹም አንዱ «ጉልቬን፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው የጠራህ? ወይስ የጠጁ ድምፅ ነው?» ቢል፣ የሳቀም አልጠፋም። በቀብሩ ማግስት እናቴ ከበራቸው ቆማ «ጉልቬን፣ ሰምተህ ነው ወይስ ለምዶብህ?» አለቻቸው። እሑድ በእሑድ ሲያሳልፉት የኖሩትን ቃል፣ አፋቸው ሳይሰሙ አውጥቶት እንደ ሆነ ነበር የጠየቀችው። ሰምቻለሁ እንዳይሏት የሞተ ሰው እንዴት ይጠራል? ለምዶብኝ ነው እንዳይሏት ደግሞ ወንድማቸውን ትተው የሄዱት ራሳቸው ሊሆኑ ነው። እናቴም መልሱን ሳታገኝ ሞተች፤ እስከ ሞቷም ድረስ ቤታቸውን አልረገጠችም። እኔን ግን አልከለከለችኝም፤ ብስክሌት መንዳት ያስተማሩኝም፣ ለሰርጌ እጄን ይዘው እዚህ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ሙሴ ጉልቬን የመጨረሻውን ቦታ ያዙ፤ ለማንም ሳይለቁ አርባ ዓመት ያህል ከኋላችን ነዱ። ጎማ የተነፈሰበትን፣ ጉልበት የከዳውን ሁሉ ሲጠብቁ ኖሩ። በመስቀሉ ዳገት አናት ላይ ግን ወዲያው አይጣሩም ነበር፤ ሁላችንም ወጥተን ሳለ ጥቂት ዝም ይላሉ። አዳዲሶቹ ትንፋሻቸውን የሚሰበስቡ ይመስላቸው ነበር፤ ነባሮቹ ግን ያዳምጡ እንደ ነበር እናውቃለን። ያ ድምፅ ዳግመኛ ቢሰማ የእናቴን ጥያቄ በመለሰላቸው ነበር። አንድም ቀን አልተሰማም። ያቺ ዝምታ በመጣች ቁጥር እኔም አባቴን እየፈለግሁ፣ አባቴ እንዳይመልስም እየፈራሁ እቆም ነበር።

ባለፈው ክረምት በጣሪያ ሥራ ዘመናቸው የሳቡት የድንጋይ አቧራ ሳንባቸውን ስለ ጎዳው አልጋ ያዙ። በፀደይ ሙሴ ቱዱዋል ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ብዙ ከቆዩ በኋላ «ጉልቬን፣ እኔም ሰምቼዋለሁ» አሉ። ሙሴ ቱዱዋል ከፊታችሁ ተቀምጠዋል፤ ይህ ይነበብ ያሉትም ራሳቸው ናቸው። በአገራችን የሞተ ሰው ሲጠራ ሰምቻለሁ ብሎ ያመነ ሰው፣ ዓመት ሳይሞላው አንኩ፣ ያ ሙታንን ለቃሚው፣ በሚንቋረረው ጋሪው መጥቶ ይወስደዋል ይባላል፤ ሙሴ ቱዱዋልም ይህንን ፈርተው ዝም አሉ። ያላመኑት እሳቸው በፍርሃት ኖሩ፤ ያመኑት ሙሴ ጉልቬንም ሳይወሰዱ አርባ ዓመት ኖሩ።

«እንዴት አለ?» ብለው ጠየቁ ሙሴ ጉልቬን።

«ሙሉ ነን አለ።»

«እሱን አውቃለሁ። እንዴት አድርጎ አለው?»

ሙሴ ቱዱዋል ቃሉን ጎትተው፣ ሊያዛጋ እንደ ዳዳው ሰው አድርገው ተናገሩት፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ለነበርን ሁሉ አባቴ በሩ ላይ የቆመ መሰለን። ሙሴ ጉልቬን ብርድ ልብሱን ወደ ፊታቸው ስበው አለቀሱ። ከዚያም «አዜኖር፣ ለምዶብኝ አልነበረም» አሉ። ሙሴ ቱዱዋል ይቅርታ ሲለምኑም «ሂድ ወዲያ! በሬ ስትጥል የማትፈራ፣ ጋሪ ፈርተህ አርባ ዓመት!» ብለው እጃቸውን ሰጧቸው፤ እስኪመሽም ድረስ እጃቸውን አላስለቀቁም። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ የእሳቸው ልብ ካረፈበት ቀን ጀምሮ የእኔ አላረፈም፤ ያንን ዳገት ብቻዬን አልወጣም።

ሙሴ ጉልቬን ኬርቬላ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ማዳም አዜኖርን፣ ልጆቻቸውን ክሌርቪንና ኮራንታንን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እኔን የወንድማቸውን ልጅ ኤኖራን፣ ከኋላቸው ማንም ሳይቀር አብረዋቸው የነዱትንም የማኅበሩን አባላት በሐዘን ትተዋል።

ወረቀቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ግን ሳልጨምር መውረድ አልቻልኩም። የማኅበሩ ሰዎች በብስክሌት ከፊት፣ የሬሳው መኪና ከኋላ ሆነን የመስቀሉን ዳገት ወጣን፤ የመጨረሻው ቦታ ዛሬም የእሳቸው ነበርና። አናቱ ላይ መሪው እንደ ደንቡ ቃሉን ሊጠብቅ ቆመ፤ ሁላችንም ቆምን። የሚጣሩት ሰው ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ በቦታቸው ሊጣራ የደፈረ አልነበረም። ከዛፉ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማል። ሙሴ ቱዱዋል በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ዞሩ። ያን ጊዜ ከሬሳው መኪና ከፊት የተቀመጡት ማዳም አዜኖር መስኮቱን አወረዱና «ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ፤ «ሙሉ ነን ብሏል። ሂዱ!»

ሙሴ ቱዱዋል ለፊተኛው አሳለፉ፤ ፊተኛውም ለሚቀጥለው፤ ቃሉም ከመሪው ደረሰ፤ ወረድንም።

አርባ ዓመት ከኋላ ሆነው የጠበቁንን እግዚአብሔር ከፊት ሆኖ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከወንድማቸው ነፍስ ጎን ያሳርፍልን። አሜን።